አደራ የማይበላ አፍ

"ሥጋ ለጅብ አደራ አይሰጥም" እንላለን። ለውሻም ቢሆን የሚሰጥ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልኳንዳ ቤት ደጃፍ የተኮለኮሉትን ውሾች እያየ ያደገ ሰው፣ ውሻና ሥጋ ብቻቸውን ሲገናኙ ነገሩ በምን እንደሚያልቅ ነጋሪ አያስፈልገውም። እንግሊዞች ግን ይሰጣሉ። ያውም ተቆርጦ የተመዘነ ሥጋ አይደለም፤ ላባዋ ያልተነጨ፣ ደሟ ያልደረቀ፣ አንዳንዴም ነፍሷ ያልወጣ ወፍ! ውሻው ሁለት መቶ ሜትር ይሮጣል፣ ወንዝ ይዋኛል፣ እሾህ ይሰነጥቃል፣ የወደቀችውን ወፍ አነፍንፎ ያገኛታል። ከዚያ በአፉ ይዟት በሄደበት መንገድ ይመለስና ጌታው መዳፍ ላይ ያኖራታል። አንድ የጎድን አጥንት ሳይሰብር! እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚያየው የለም፣ የሚቆጣጠረው የለም፤ ሆዱ ደግሞ እንደራበው ነው። (የሆዱን ነገር ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።)

እነዚህን ውሾች ሪትሪቨር ይሏቸዋል፤ "ሄዶ መልሶ የሚያመጣ" እንደማለት ነው። ከመካከላቸው ላብራዶርንና ጎልደንን በመልክ የማያውቅ የለም። ፊልም ላይ ከልጆች ጋር የሚንከባለለው፣ ዓይነ ስውር መርቶ አስፋልት የሚያሻግረው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚያሸተው ብዙ ጊዜ ከነሱ አንዱ ነው። እኔ የማወራው ግን ስለ ጥንተ ሥራቸው ነው፤ ከአዳኝ ጎን ቁጭ ብሎ ስለ መጠበቅና የወደቀውን ስለ ማምጣት። ልተች የተነሳሁትም ውሻውን አይደለም። ውሻው ምን አጠፋ! የምተቸው ሰዎቹን ነው፤ ፈረንጆቹንም እኛንም።

"አንተ ደግሞ ስለ ፈረንጅ የአደን ውሻ ከየት አወቅህ?" የሚል አይጠፋም። ምሥራቅ እንግሊዝ በኖርኩባቸው ዓመታት የብርዱ ወራት ቅዳሜዎቼን የማሳልፈው ወፍ በማስበርገግ ነበር። ሥራው እውቀት አይጠይቅም። ሃያ የምንሆን ሰዎች ተሰልፈን፣ ዱላ ይዘን፣ ቁጥቋጦውን እየደበደብን ጫካውን እናቋርጣለን። ፌዛንት የሚሏት፣ ከእኛ ቆቅ ጋር የሥጋ ዝምድና ያላት ባለ ረጅም ጅራት ወፍ ከፊታችን ትበረግጋለች። ከጫካው ማዶ ስምንት ወይም ዘጠኝ ባለጠመንጃዎች ተራርቀው ቆመው ይጠብቋታል። እነሱ ከፍለው ነው የመጡት፤ እኛ ደግሞ ተከፍሎን። የእኛ ክፍያ ምሳና የኪስ ገንዘብ ነው። እነሱ የሚከፍሉትን ስሰማ ግን "ለወፍ?" ማለቴ አልቀረም። ወቅቱ ከጥቅምት 1 እስከ የካቲት 1 ነው፤ ቀኑም፣ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እኔን ያስገረመኝ ተኩሱ አልነበረም። ያስገረመኝ ቁጭ ማለቱ ነው። ሰማዩ በወፍ ተሞልቶ፣ ጥይቱ እየተንጣጣ፣ ወፎቹ አፍንጫው ሥር ዱብ ዱብ ሲሉ፣ ጥቁሩ ላብራዶር ከባለቤቱ ግራ እግር አጠገብ ቁጭ ብሏል። ይንቀጠቀጣል፤ ከብርድ ግን አይደለም። ዓይኑ እያንዳንዷ የት እንደወደቀች ይመዘግባል። አይነሳም፤ አይጮህም። መለከቱ ተነፍቶ ተኩሱ ካቆመ በኋላ፣ ስሙ ሲጠራ ብቻ ይወነጨፋል። ያኔም ቢሆን ቀድማ የምትፈለገው አጠገቡ ሞታ የተዘረጋችው አይደለችም። ቆስላ በእግሯ የሸሸችው ናት፤ ስቃይዋ ቶሎ እንዲያጥር።

ይህን ነገር የሚፈትኑበት የሥራ ውድድር አላቸው፤ "ፊልድ ትራያል" ይሉታል። ለሪትሪቨሮች የተጀመረው 1900 ገደማ ነው። ደንቡን ሳየው ለውሻ የተጻፈ አልመሰለኝም። ያለ ትእዛዝ የተነሳ ይባረራል። ያለቀሰ ወይም የጮኸ ይባረራል። ውኃ አልገባም ያለ ይባረራል። አንዷን ወፍ ይዞ ሲመጣ ሌላ አይቶ የያዛትን ጥሎ ያኛዋን ያነሳም እንዲሁ። (ይቺ ደንብ ከውሻ አልፋ ብትሠራ ስንቱ ሰው ከውድድር ውጭ በሆነ!) ከሁሉም የከፋው ጥፋት "ጠንካራ አፍ" ነው። ዳኛው ወፏን ይቀበልና በጣቶቹ ጎኗን ይዳስሳል፤ በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል። የጎድን አጥንቷ በጥርስ ተደቁሶ ከተገኘ ያ ውሻ አበቃ። ጠንቃቃ አርቢ ከእንዲህ ዓይነቱ ውሻ ዘር አይወስድም። በእኛ ቋንቋ አደራ በላ ሆኗላ!

አሠለጣጠኑን ያየሁት ከአንድ ሽማግሌ የአደን ስፍራ ጠባቂ ዘንድ ነው። ሰውዬው ወሬ አይወድም፤ ከውሻው ጋርም ቢሆን የሚነጋገረው በፉጨት ነው። አንድ ረጅም ፉጨት ከሆነ፣ ባለህበት ቁጭ በል። አጫጭር ተከታታይ ፉጨት ከሆነ፣ ወደ እኔ ና። የቀረው የእጅ ምልክት ነው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ወደ ኋላ። በሸራ የተሰፋ፣ ሰጋቱራ የታጨቀበት፣ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ጥቅል አለው። ቡችላው እውነተኛ ወፍ እስኪያይ ድረስ ወራት የሚማረው በዚያ ጥቅል ነው።

እኔ የጠበቅሁት ጥቅሉን ይወረውራል፣ ቡችላው ሮጦ ያመጣል፣ "ጎበዝ!" ይባላል የሚል ነበር። ሽማግሌው ግን ይወረውርና ዝም ይላል። ቡችላው ጥቅሉን ያያል፤ ጌታውን ያያል፤ መልሶ ጥቅሉን ያያል። ደቂቃ ያልፋል። ከዚያ ሽማግሌው ራሱ በዚያ ጭቃ ውስጥ እየተንገዳገደ ሄዶ ጥቅሉን አንስቶ ይመለሳል! ከአሥር ውርወራ አምስት ስድስቱን የሚያነሳው እሱ ነው።

"ለምን አትለቀውም? ማምጣት እኮ ይወዳል" አልኩት።

"ስለሚወድ ነዋ" አለኝ።

ሌላም ነገር ነገረኝ። ቡችላ ጫማህን ሰርቆ ሲሮጥ አታሳድደው፤ አትጩህበትም። ቁጭ ብለህ እጅህን ዘርጋለት፤ ሲያመጣልህ ተቀበለውና አመስግነው። ዛሬ በጫማ የተገረፈ ውሻ ነገ ወፍ ይዞ ወደ አንተ አይመጣም። ከአፉ ላይ አትጎትት፤ ጉተታ ጥርስ ያስተምራል። ልጆች ቀኑን ሙሉ እንጨት እየወረወሩ እንዲያጫውቱት አትፍቀድ። ወደ እውነተኛ አደን ደግሞ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይይዝ አትውሰደው። ይህ ሁሉ ለምን? ቢባል፣ ከብት የማይጠብቅ፣ ቤት የማይጠብቅ፣ ጅብ የማያባርር አንድ ውሻ፣ የወደቀችን ወፍ ሳያቆስል እንዲያመጣ ነው።

እንግሊዞች ይህን ሥራ ድሮ "ውሻ መስበር" ይሉት ነበር። ሃቺንሰን የተባለ የጦር መኮንን በ1848 ያወጣው፣ ለረጅም ጊዜ ከእጅ ያልወጣ መጽሐፍ ርዕሱ ይኸው ነው። ርዕሱ መስበር ይበል እንጂ ደራሲው የሚሰብከው ትዕግሥትና ሽልማት ነው፤ ስሙና ነገሩ አልተገናኙም። በእኛ ቋንቋ ፈረስም በቅሎም "ይገራል" እንጂ አይሰበርም። "መግራት" ለጆሮዬ ከ"ገር" ጋር የሚቀራረብ ቃል ነው፤ ገር ማድረግ። ቃሉ ከእኛ ይሻላል ለማለት ያህል እንጂ፣ በሥራው በኩል ጋሪ ፈረሶቻችን ምስክር ይቁጠሩብን።

ውሻው ከየት መጣ? መጀመሪያ ጠመንጃው ተለወጠ። ከአፈሙዙ ባሩድ እየተጠቀጠቀ ይተኮስ በነበረበት ዘመን፣ አዳኙ በእግሩ እየዞረ አንድ ሁለት ወፍ ነበር የሚጥለው። የሚያስፈልገው ውሻም ወፏ የተደበቀችበትን የሚጠቁም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከኋላው ጥይት የሚጎርሰው ጠመንጃ ሲስፋፋ ባለርስቶቹ ባሉበት ቆመው፣ ወፏን በሰው እያስበረገጉ፣ በብዛት መጣል ጀመሩ። ያን ጊዜ የሚጠቁም ሳይሆን ዝም ብሎ የሚጠብቅና በኋላ የሚለቅም ውሻ አስፈለጋቸው።

ላብራዶር ከላብራዶር አይደለም። የመጣው ከኒውፋውንድላንድ ደሴት ነው። እዚያ ዓሣ አጥማጆች ከመንጠቆ ያመለጠ ዓሣ በአፉ የሚያመጣ፣ በበረዶ ውኃ ውስጥ ገመድና መረብ የሚጎትት ጥቁር ውሻ ነበራቸው። የዓሣ መርከቦች ወደ ደቡብ እንግሊዟ ፑል ወደብ ይዘውት ሲመጡ የማምስበሪ መሳፍንት እያዩ ገዙ፣ አራቡ። በ1880ዎቹ ከዘሩ ለስኮትላንዱ የባክሉ መስፍን ቤት ሰጡ፤ የዛሬው ላብራዶር በአብዛኛው የሚመዘዘው ከዚያ ነው። በ1873 የተቋቋመው የእንግሊዝ ኬነል ክለብ በ1903 ራሱን የቻለ ዘር ብሎ መዘገበው። የዓሣ አጥማጆቹ ውሻስ? ጠፋ። የመጨረሻዎቹ ሁለት፣ ያረጁ ወንዶች፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ አንድ ሩቅ መንደር ፎቶ ተነሥተዋል። የመሳፍንቱ ውሻ ዓለምን ሲሞላ የድሆቹ በፎቶ ቀረ።

የጎልደን ታሪክ ደግሞ የእኛን የዘር ቆጠራ ያስታውሰኛል። ለብዙ ዓመታት ሲወራ የኖረው፣ ሎርድ ትዊድማውዝ የተባለው ባለጸጋ ብራይተን ከተማ ውስጥ የሩሲያ ሰርከስ ውሾች አይቶ፣ ተደንቆ፣ ሁሉንም ገዝቶ ወደ ስኮትላንድ ወሰዳቸው ተብሎ ነው። መቼም ዘር ሲቆጠር ሩቅ አገር ካልተገባበት አይደምቅም! በ1952 ከዘመዶቹ አንዱ የሎርዱን የውሻ መዝገብ አወጣው። እዚያ ላይ ያለው ተራ ነገር ነው። በ1865 ብራይተን ውስጥ ናውስ የሚባል አንድ ቢጫ ውሻ ተገዛ። በ1868 ቤል ከምትባል የወንዝ ዳር ውሻ አራት ቢጫ ቡችሎች ወለደ። ሦስቱን በቢጫ አበቦች ስም ጠሯቸው። ሩሲያም የለ፣ ሰርከስም የለ። እኔ በበኩሌ መዝገቡ ይበልጥብኛል። አንድ ሰው ሥራ የሚችለውን ከሥራ ከሚችለው ጋር እያጣመረ ለዓመታት በእጁ ሲጽፍ መኖሩ ከየትኛውም ሰርከስ ይደንቃል።

አሁን ወደ ነቀፋዬ ልግባ። ይህን ያህል የተለፋበት ውሻ መጀመሪያ የተከፈለው በገዛ አገሩ ነው፤ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ወደ ውበት ውድድር ሄደ። ቻርልስ ክራፍት በ1891 በስሙ የጀመረው ታላቅ የውሻ ትርዒት ላይ ዳኛው ፀጉሩን ይዳብሳል፣ ጅራቱን ያያል፣ አረማመዱን ይለካል። ወፍ የለም፣ ውኃ የለም፣ ጠመንጃ የለም። ሌላው ወገን ወደ ሥራ ውድድር ሄደ፤ እዚያ ደግሞ መልክ የሚጠይቅ የለም፣ ፍጥነት ነው። የትርዒቱ ላብራዶር ወፍሮና ደልቦ፣ የሥራው ደግሞ ቀጥኖና ረዝሞ ጎን ለጎን ሲቆሙ የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም። በሁለቱም መድረክ የሻምፒዮንነት ማዕረግ ያገኘ ላብራዶር እንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ወዲህ አልታየም።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልመስክርላቸው። የአደን ውሻ በውበት ብቻ ቢያሸንፍ "የትርዒት ሻምፒዮን" ነው የሚባለው። ያለ ቅጽል፣ ደረቁን "ሻምፒዮን" ለመባል ሜዳ ወርዶ ወፍ አምጥቶ መፈተን አለበት። (የእኛም አገር የ"ዶክተር" ማዕረግ እንዲህ በሁለት ተከፍሎ ቢጻፍ ደጅ ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ ስንት ቃል ይጨመርበት ነበር!) ችግሩ፣ ቡችላ ገዢው ይህን ልዩነት አያነብም። ሻምፒዮን የሚል ካየ በቃው።

ሁለቱንም የጨበጠ የመጀመሪያው ላብራዶር ባንኮሪ ቦሎ ይባላል። በ1915 የተወለደ ጥቁር ውሻ ነው። ከአሠልጣኝ አሠልጣኝ ሲንከራተት፣ ሲገረፍ፣ "ይሄ አይገራም" ተብሎ ተስፋ ሲቆረጥበት ኖሮ፣ በኋላ ካውንቲስ ሃው የተባለችው የላብራዶር ክለብ መሥራች እጅ ገባ። ሴትዮዋ የወሰደችው የምትወደው ውሻዋ ልጅ ስለነበረ ነው። ሰው ሲጠጋው የሚሸሽ፣ አለንጋ የሚፈራ እንስሳ ነበር። ጊዜ ሰጠችው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ያ አይገራም የተባለ ውሻ በሥራም በመልክም ሻምፒዮን ሆኖ የዛሬዎቹ ብዙ ላብራዶሮች አባት ሆነ። ቀድሞ እጅ ላይ ወድቆ የነበረበት ሰው ግን በዚያው ዓመት ተቆጥቶ ጥይት ቢያጠጣው ኖሮ ማንም ምንም አይለውም ነበር።

ታሪኩን የሚያውቁ አሠልጣኞች ዛሬም አለንጋውን ትተዋል ማለት አይቻልም። አለንጋው ባትሪ ገባለት እንጂ። አንገት ላይ የሚታሰር፣ ከሩቅ ቁልፍ ሲጫኑት በኤሌክትሪክ የሚነዝር ቀበቶ አለ። ዌልስ በ2010 በሕግ ከለከለችው። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ የአደን ውሻ አሠልጣኞች በግልጽ ይጠቀሙበታል። እዚያ "የግድ ማምጣት" የሚሉት ትምህርትም አለ። የውሻውን ጆሮ ቆንጥጠህ ትይዛለህ፤ አፉን ከፍቶ ጥቅሉን ሲጎርስ ትለቀዋለህ። የሚከራከሩለት ሰዎች "በልክ ከተሠራ ውሻው አስተማማኝ ይሆናል፤ ደስ ሲለው ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ ያመጣል" ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ግን፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ለማምጣት ሲባል የተመረጠ፣ ስሙ ራሱ "አምጪ" የሆነ ውሻ፣ ለማምጣት ጆሮው መቆንጠጡ ነው። ያንን ሽማግሌ አስቡት፤ የእሱ ችግር ውሻው እንዳያመጣ መያዝ ነበር! መቆንጠጡ ያስፈለገው ውሻው ስለማይችል ነው ወይስ የውድድሩ ቀን ስለቀረበ?

አደኑንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ታኅሣሥ 18 ቀን 1913 ሆል ባርን በተባለ ርስት፣ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ባሉበት፣ ወደ 4,000 የሚጠጉ ፌዛንቶች በአንድ ቀን ተገድለዋል። ንጉሡ ራሳቸው ሲመለሱ ነገሩ ሳይበዛ እንዳልቀረ መናገራቸውን ልጃቸው ጽፏል። ዛሬም በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ወፎች ተፈልፍለው፣ አድገው፣ ለመተኮስ ሲባል ይለቀቃሉ። እዚህ ሁሉ እልቂት መሐል ለወፏ አጥንት የሚጠነቀቀው ውሻው ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር።

ስለ ሆዱ ቃል ገብቼ ነበር። በ2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እንደደረሱበት፣ ከአራት ላብራዶር አንዱ ገደማ "ጠገብኩ" የሚለውን መልእክት የሚያስተላልፈው ዘረመል ላይ ጉድለት አለበት። በተለይ ለአካል ጉዳተኞች ረዳት እንዲሆኑ ከሠለጠኑት መካከል ባጠኗቸው ላይ ጉድለቱ የተገኘው ከአራት ሦስቱ ላይ ነው። በ2024 ደግሞ ይኸው ጉድለት ያለበት ውሻ በምግብና በምግብ መካከል ይበልጥ እንደሚራብ፣ ሲያርፍም አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ኃይል እንደሚያቃጥል አሳዩ። ባለሙያዎቹ እንደሚገምቱት ነገሩ የመጣው ከአሠለጣጠኑ ሊሆን ይችላል፤ ለቁራሽ ሲል የሚታዘዘውን ሲመርጡ፣ ሳያውቁት የሚራበውን መረጡ። እንግዲህ ያ በአፉ ወፍ ይዞ የሚመጣው ፍጥረት፣ ብዙ ጊዜ ጥጋብን የማያውቅ ነው። እኛ ምሳችንን ስንበላ የሽማግሌው ውሻ ከጎኑ አርባ ወፍ ተደርድሮ አንዷን እንኳ አያሸትም ነበር። ዓይኑ የኔ ዳቦ ላይ ነበር፤ ለሐጩ እስከ መሬት።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? ለሚል፣ ውሻው እኛም ዘንድ ገብቷል። አሜሪካ ውስጥ ላብራዶር ከ1991 እስከ 2021 በኬነል ክለባቸው መዝገብ አንደኛ ሆኖ ቆይቶ በ2022 በፈረንሳይ ቡልዶግ፣ መተንፈስ በሚቸግረው ውሻ፣ ተተካ። የእኛ ሰዎችም ከጎረቤት አይቀሩምና ቨርጂኒያ ያለ አንድ የማውቀው ቤተሰብ ልጆቹ ሲያለቅሱ ጎልደን ገዛ። አባት ሁለት ሥራ፣ እናት የሌሊት ተራ፣ ልጆች ትምህርት ቤት። ውሻው ቀኑን በሽቦ ሣጥን ይውላል። ሶፋውን በላው። ልጅ ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ እናት "ልጄ፣ ሥራ የሌለው ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው" ብለው ገላገሉት።

አዲስ አበባ ያለው ይብሳል። አንድ ወዳጄ ደህና ገንዘብ ከፍሎ ላብራዶር ቡችላ ገዛ። ለምን? ግቢ እንዲጠብቅለት! ቀን ከቆርቆሮ መጠለያ ሥር በሁለት ሜትር ሰንሰለት ይታሰራል፤ ማታ ይለቀቃል። ስሄድ የአንገቱ ፀጉር በሰንሰለቱ ተመልጦ ነበር።

"ይሄ ውሻ ሰነፍ ነው" አለኝ ወዳጄ። "አይጮህም። የማያውቀው ሰው ሲገባ ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል። ባለፈው ለቆጣሪ አንባቢው ጫማ አመጣለት!"

"ቢጮህማ ኖሮ አያት ቅድመ አያቶቹ ከውድድር ይባረሩ ነበር" አልኩት። አልገባውም። አስረዳሁት። የከፈለው ገንዘብ ከመቶ ዓመት በላይ ለተመረጠ ዝምታ ነው። እንግዳን ለመቀበል፣ ያገኘውን ለማምጣት ለተመረጠ ጠባይ ነው የከፈለው። አሁን በዚያው ጠባዩ ይገርፈዋል። የሚጮኽ ውሻ ከፈለገ እንደኛ ያለ ጎበዝ የሠፈር ውሻ በነጻ ያገኝ ነበር፤ ያውም ዘበኝነቱን ማንም ሳያስተምረው የሚያውቅ።

"ፈረንጅ ውሻ ነዋ!" አለኝ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

የግቢው ዘበኛ፣ ከገጠር የመጡ አዛውንት፣ በር ሲከፍቱልኝ "ጌታዬ፣ ይሄስ ውሻ አይደለም፣ እንግዳ ተቀባይ ነው" አሉኝ። ውሻው የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ቆሞ የሳቸውን የላስቲክ ጫማ በአፉ ይዟል። ቀኑን ሙሉ ይዞት እንደሚዞር ነገሩኝ። የሚቀበለው የለም፤ ከነጠቁት ደግሞ ይመቱታል። ጎንበስ ብዬ መዳፌን ዘረጋሁ። መጥቶ አኖረልኝ። ላስቲኩ ላይ የጥርስ ምልክት የለም። ሽማግሌው ጠባቂ ይለው እንደነበረው "አመሰግናለሁ" አልኩትና መልሼ ለአዛውንቱ ሰጠኋቸው።

ከወራት በኋላ ስመለስ አዛውንቱ የራሳቸውን ዘዴ ፈጥረው ቆዩኝ። ማታ ማታ ሰንሰለቱን ሲፈቱለት ጫማቸውን ግቢው ጥግ ይወረውራሉ። አንዳንዴ ይልኩታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ራሳቸው እየተራመዱ ሄደው ያነሱታል። "ሁሌ ከላክሁት ይጠግባል ጌታዬ፤ ሳልነግረው እንዳይነሳ ነው" አሉኝ። ያን ማታ ሦስት ጊዜ ሲወረውሩ አየሁ፤ ውሻው እየተንቀጠቀጠ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ወዳጄ ግን አሁንም ገዢ እያፈላለገ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ሊያስመጣ ነው።